ለግፊት ታካሚ የታዘዘው ዲክሎፌናክ፦ በጤና ጣቢያ የማዘዝ ስህተት በምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። አንዲት የ68 ዓመት እናት ለደም ግፊት ኤናላፕሪል 10 ሚሊ ግራምና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይወስዳሉ። ጉልበታቸውን አሟቸው ወደ ተመላላሽ ክፍል ሲመጡ ዲክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻ 50 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን ታዘዘላቸው። ከዚያ ሽንታቸው ቀነሰ፣ ያቅለሸልሻቸው ጀመር። ሆስፒታል ሲላኩ ኩላሊታቸው መጎዳቱ ታወቀ። ኃላፊያችን ላዘዘው ባልደረባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌሎቻችን ደግሞ የአንድ ቀን ሥልጠና ለመስጠት አስበዋል። በኮምፒውተር የሚሠራ የማዘዣ ሥርዓት የለንም። ሥልጠናው ይበቃል? ሌላስ ምን ማድረግ እንችላለን?»

ምላሽ፦

ሥልጠናው አይበቃም፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ዲክሎፌናክ ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ሳይማር የተመረቀ ጤና መኮንን የለም። የባልደረባዎ ችግር የእውቀት አይመስልም። እናትየው ኤናላፕሪል እንደሚወስዱ በዚያች ደቂቃ የሚነግረው ነገር ከፊቱ አልነበረም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የግፊትና የስኳር ታካሚዎች የክትትል ወረቀት ክትትል ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። ታካሚው በሌላ ቀን በሌላ ህመም ሲመጣ ተመላላሽ ክፍሉ የሚያየው ሌላ ወረቀት ነው። ታካሚውም «የግፊት መድኃኒቴን ሌላው ክፍል ያውቀዋል» ብሎ አያነሳውም። ይህ እስካልተስተካከለ ድረስ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ቢቀየር እንኳ ቀጣዩ ሰው ያንኑ ያዛል።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። የታዘዘው መጠን በራሱ ስህተት አልነበረም፤ በቀን 150 ሚሊ ግራም ለአዋቂ የሚፈቀደው የዲክሎፌናክ ጣሪያ ነው። ኤናላፕሪሉም ሃይድሮክሎሮታያዛይዱም ለየብቻቸው ትክክል ናቸው። ጉዳቱ የመጣው ሦስቱ በመገናኘታቸው ነው። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቀጭን ቧንቧ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በፕሮስታግላንዲን እርዳታ ሲሆን ዲክሎፌናክ ይህን ንጥረ ነገር ስለሚያሳንስ መግቢያው ይጠባል። ኤናላፕሪል መውጫውን ያሰፋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ሽንት እያበዛ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳል። መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ የሚመጣውም ደም ሲያንስ ማጣሪያው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ሽንት ለማውጣት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከብሪታንያ መዝገቦች ተወስዶ የታተመ፣ ወደ 487 ሺህ የሚጠጉ የግፊት መድኃኒት ተጠቃሚዎችን የተከታተለ ጥናት ሦስቱ አብረው ሲወሰዱ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በ31 በመቶ፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ደግሞ በ82 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ «ለጥቂት ቀን ብቻ ነው» የሚለው መጽናኛ አይሠራም፤ ክፉው ጊዜ መጀመሪያው ነው። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ውሃ ሳይጠጡ የሚያልፍ ረጅም ጾም ከተጨመረበት ደግሞ ኩላሊቱ ቶሎ ይደክማል።

ለእሳቸው አሁን የሚደረገውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ከሆስፒታል ሲመለሱ የድሮውን ካርድ አይቶ የድሮውን መድኃኒት መድገም ሁለተኛው ስህተት ይሆናል። የመውጫ ወረቀቱ የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው እንደተቀነሰ፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) መቼ እንደሚደገም ካልነገራችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ኤናላፕሪል የሚመለስ ከሆነ ክሬቲኒኑ ከታየ በኋላ በዝቅተኛ መጠን ይጀመር፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥም ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይለካ። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ይሰጣቸው፤ በእድሜያቸውና በተለይ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ በቀን ከ3 ግራም አይለፍ። የጭን ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴና በጉልበት ላይ የሚቀባ ዲክሎፌናክ ቅባትም ይረዳል፤ ከቅባቱ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከኪኒኑና ከመርፌው ጋር አንድ አይደለም፤ ለእሳቸው ግን ኩላሊታቸው ማገገሙ ሳይረጋገጥ አይጀመር። ትራማዶልን እንደ ቀላል መተኪያ አትዩት፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም እንደ ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ያለ የድባቴ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የራሱ አደጋ አለው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ኮምፒውተር የለንም ማለት መጀመር አንችልም ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር ጠቅላላ ሐኪሞች በኮምፒውተር ያዛሉ፤ ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ከታዘዙት 20 መድኃኒቶች በአንዱ የማዘዝ ወይም የክትትል ስህተት፣ ከ550 በአንዱ ደግሞ ከባድ ስህተት አግኝቷል። ማሽኑ ስለ ሁሉም ነገር ሲያስጠነቅቅ ሐኪሙ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ማለፍ ይለምዳል። በዚያው ዓመት ፒንሰር የተባለው ጥናት በ72 የእንግሊዝ ጠቅላላ ሕክምና ተቋማት አንድ ነገር ፈተነ። ለግማሾቹ አደጋ ላይ ያሉ ታካሚዎቻቸው ዝርዝር በኮምፒውተር ወጥቶ ብቻ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ዝርዝሩን ይዞ ከሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ታካሚ የሚያስተካክል ፋርማሲስት ተመደበላቸው። በ6ኛው ወር ፋርማሲስት በተመደበላቸው ዘንድ የጨጓራ ቁስል ለነበረበት ሰው ያለ ጨጓራ መከላከያ መድኃኒት እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ፀረ ብግነት ማስታገሻ የማዘዝ ዕድል በ42 በመቶ፣ ለአስም ታካሚ ቤታ ብሎከር የተባለውን የልብና የግፊት መድኃኒት የማዘዝ በ27 በመቶ፣ ኤናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያንን ያለ ደም ምርመራ የመተው በ49 በመቶ አንሶ ተገኘ። በ12ኛው ወር ውጤቱ ከ6ኛው ወር ያነሰ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ፤ ሰው ያልተመደበበት ዝርዝር ደካማ ነው፣ ሥራውም ከተቋረጠ ስህተቱ ይመለሳል። በ33 የስኮትላንድ ተቋማት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፤ ጥቂት አደገኛ የማስታገሻና የደም ማቅጠኛ አጠቃቀሞች ብቻ ተመርጠው ሲቆጠሩና ሲከለሱ አደገኛ ትእዛዝ ከ3.7 ወደ 2.2 በመቶ ወርዷል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። «ስናዝ እንጠንቀቅ» በሚል አጠቃላይ ዘመቻ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። ሦስት አደጋዎች ምረጡ፣ ቁጠሯቸው፣ ባለቤት ስጧቸው። ለእናንተ የምመርጣቸው እነዚህ ናቸው፦ ኤናላፕሪል ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የሚታዘዝ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን፤ ክብደት ያልተጻፈበት የሕፃን ማዘዣ፤ የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ሳይጣሩ ሪፋምፒሲን ያለበትን የቲቢ ሕክምና የሚጀምር ታካሚ።

አቆጣጠሩ ከምታስቡት ይቀላል። ከክትትል ካርዶች ተነስታችሁ እያንዳንዱን ታካሚ ብትፈልጉ ሳምንት ይፈጃል፤ ከፋርማሲው ተነሱ። ማዘዣ ወረቀቶቹ እዚያው ተይዘው ይቀመጣሉ። ያለፈውን ወር ማዘዣዎች አውጥታችሁ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ያለባቸውን ለዩ። የካርድ ቁጥራቸውን ከግፊትና ከልብ ክትትል መዝገቡ ጋር አስተያዩ። በሁለቱም የተገኘ ቁጥር ሁሉ አንድ አደጋ ነው። ለምሳሌ በመዝገቡ ኤናላፕሪል ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ 160 ሰዎች ካሉና ከእነሱ 12ቱ በወሩ ማስታገሻው ከታዘዘላቸው 7.5 በመቶ ብላችሁ ጻፉ። ማዘዣው ላይ የካርድ ቁጥር የማይጻፍ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው። ደግሞም እነዚያን 12 ሰዎች ቆጥሮ መተው ነውር ነው። ስልክ ደውላችሁ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል መልእክት ልካችሁ ማስታገሻውን ያስቁሟቸው፣ ክሬቲኒን ያሠሩላቸው።

ለወደፊቱ መከላከያ በካርዱ የፊት ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኤናላፕሪል ይወስዳሉ፤ ዲክሎፌናክ/ኢቡፕሮፌን አይሰጥ» ብላችሁ ጻፉ። ታካሚው ወደ ሌላ ክሊኒክ ሲሄድ ካርዱ አብሮት ስለማይሄድ ይህንኑ በቀጠሮ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር ጋር ድገሙት። ተመላላሽ ክፍል ያለው ባለሙያ ደግሞ ማስታገሻ ከማዘዙ በፊት ጥያቄውን ይለውጥ። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባሉ ብዙ እናቶችና አባቶች «የለም» ይላሉ፤ በየቀኑ የሚዋጠው የግፊት ኪኒን ለእነሱ ከምግብ እኩል ሆኗል። «የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ክትትል አለዎት? ጠዋት ጠዋት ምን ይውጣሉ? ሰሞኑን ሌላ ክሊኒክ መርፌ ተወግተዋል? ልጆች ከውጭ የላኩልዎት ኪኒን አለ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ መልስ ያመጣል። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ከአሜሪካ በየሻንጣው የሚመጣው አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው፣ አሊቭ ናፕሮክሲን ነው፤ ሁለቱም ከዲክሎፌናክ ወገን ናቸው። የተጠራጠራችሁ እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ከውጭ የገዙትና በኋላ ከእናንተ የተሰጣቸው ያው ኤናላፕሪል በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ሲወሰድ የሚገኘው በዚህ ነው።

ቀጣዩ በር ፋርማሲው ነው፤ ብዙ ቦታ ላላ ያለውም እሱ ነው። የፋርማሲ ባለሙያዋ ስህተቱን ብታይ እንኳ ታካሚውን «ተመልሰህ ሐኪሙን ጠይቅ» ብላ ከላከችው ሰውየው ሁለተኛ ሰልፍ ይጠብቀዋል፣ ካርዱ ተመልሷል፣ ሐኪሙም ሌላ ሰው እያየ ነው። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ መጠየቋን ትተዋለች። ስለዚህ ኃላፊው በጽሑፍ ሥልጣን ይስጧት፦ በተመረጡት ሦስት አደጋዎች ላይ ማዘዣውን ማቆም ትችላለች፤ ታካሚው ተቀምጦ ይቆያል፤ እሷ በስልክ ወይም ራሷ ሄዳ ያዘዘውን ባለሙያ ታነጋግራለች፤ ለውጡን ያዘዘው ሰው ማዘዣው ላይ ጽፎ ይፈርማል። እያንዳንዱ ማቆም በአንድ ደብተር ላይ ይመዝገብ፤ ቀኑ፣ መድኃኒቱ፣ ምን ችግር እንደታየ፣ ምን እንደተደረገ። ያዘዘው ሰው ስም አይጻፍ። ስም የሚጻፍበት ደብተር በሁለት ወር ባዶ ይሆናል።

ስለ ሕፃናቱ ትንሽ ላክል፤ እዚህ ላይ ስህተቱ ቶሎ ይገድላል። የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ100 እስከ 150 ነው። ከመጀመሪያው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው፤ ከሁለተኛው ግን ያው 5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ይሆናል። «አንድ ማንኪያ» ብሎ መጻፍ ደግሞ በእናትየው ቤት የሾርባ ይሁን የሻይ ማንኪያ ማን ያውቃል። ማዘዣው ላይ ክብደት፣ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ሚሊ ግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ቀን ይጻፍ። ወደ ሚሊ ሊትር የሚለውጠው ያለውን ጠርሙስ በእጁ የያዘው ሰው ነው፤ መለኪያ ሲሪንጅ ወይም ኩባያም አብሮ ይስጥ፣ እናትየው ፊቱ ቀድታ ታሳየው።

ይኸው ችግር በአዋቂዎች ኪኒን ላይም አለ። ኤናላፕሪል አንዳንዴ ባለ 5፣ አንዳንዴ ባለ 10 ሚሊ ግራም ይመጣል። ማዘዣው «1 ፍሬ» ካለ አቅርቦቱ በተለወጠ ቀን የታካሚው መጠን እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል፤ ማንም ሳያስበው። ሚሊ ግራሙን ጻፉ፣ የፍሬውን ቁጥር ፋርማሲው በእለቱ ያለውን አይቶ ይንገር። ከ1 በታች የሆነ መጠን ሲጻፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይኑር፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን «.0» አይጨመር፤ ነጥቡ ሲደበዝዝ 1.0 አሥር ሆኖ ይነበባል። «በቀን 2 ጊዜ» ከማለት «ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት» ማለት ይሻላል።

በካርድ ላይ በየወሩ የሚጻፈው «ያው ይቀጥል» የሚል መስመር ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ያ «ያው» ምን እንደሆነ ለማወቅ ሦስትና አራት ገጽ ወደ ኋላ መገለጥ አለበት፤ በዚያ መሃል የተለወጠ መጠን ይዘለላል። በየቀጠሮው የመድኃኒቱ ስምና መጠን ሙሉ ይጻፍ፤ ቢያንስ በየ6 ወሩ አንድ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ መድኃኒት ለምን እንደተጀመረና አሁንም እንደሚያስፈልግ ይታይ። በስኳር ታካሚዎች ላይ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን በተለይ ፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ እንደማይስማማ ይገልጻል፤ ምክንያቱም የደም ስኳርን ለረጅም ሰዓት ዝቅ ያደርጋል። ጠዋት ኪኒኑን ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም አረጋዊ በጾም ወራት ተዝለፍልፎ የሚወድቀው በዚህ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀጠሮ «ይጾማሉ?» ብሎ መጠየቅ የማዘዝ ሥራ አካል ነው። ሰውየው ሲናገር እንዳይፈራ አትቆጡት፤ ካልነገራችሁ ልትረዱት አትችሉም።

የሪፋምፒሲኑን በአጭሩ። ይህ መድኃኒት ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ኪኒንና በክንድ የሚቀበረው አስተማማኝነታቸውን ያጣሉ፤ በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ ግን ይሠራል። ኤች አይ ቪ ኖሮባት ዶሉቴግራቪር የምትወስድ ታካሚ ቲቢ ስትጀምር 50 ሚሊ ግራሙን በቀን 1 ጊዜ ሳይሆን በየ12 ሰዓቱ 2 ጊዜ ትወስዳለች፤ ሪፋምፒሲኑ ካበቃ በኋላም ለ2 ሳምንት እንደዚያው ትቀጥላለች። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ ጤና ጣቢያው ለብቻው አይያዘው፤ ከሆስፒታሉ ጋር ይነጋገር።

በዚህ ሁሉ የማይፈታ ነገር እንዳለ ማወቅ ይገባል። ላቦራቶሪያችሁ ክሬቲኒን የማይሠራ ከሆነ በሽንት ስትሪፕ መተካት አይቻልም፤ ስትሪፑ ፕሮቲን ሊያሳይ ይችላል፣ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚያጣራ ግን አይነግራችሁም። ያለው አማራጭ ኤናላፕሪል ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ ታካሚውን ወደሚሠራበት ቦታ መላክና ውጤቱን ከነቀኑ መዝገቡ ላይ ማስፈር ነው። ያም ካልተቻለና ኤናላፕሪልን የግድ የሚል ሌላ ምክንያት ከሌለ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት ይመረጣል፤ የደም ምርመራ ክትትል አይጠይቅም። ደግሞ ዲክሎፌናክን ከጤና ጣቢያው ጨርሶ ማገድ መፍትሔ አይደለም። ጤነኛ ወጣት ለወገብ ህመሙ ለ5 ቀን ቢወስደው ብዙ ጊዜ ችግር የለም፤ እናንተ ስትከለክሉት አረጋውያኑ ሳይጠየቁ ከውጭ ይገዙታል።

ስለ ማስጠንቀቂያው ለኃላፊው እንዲህ ይበሉልኝ። የሆነውን ስም ሳይጠሩ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ያቅርቡት፤ ካርዱ የት እንደነበር፣ ማን ምን ማየት እንዳልቻለ፣ ፋርማሲው ለምን እንዳላቆመው በየተራ ይጠየቅ። በቢጫው ቅጽ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ያድርጉ፤ ቅጹ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትም ይቀበላል፣ በነፃ ስልክ 8482ም መደወል ይቻላል። የአንድ ቀን ሥልጠናው በጀት ካለው ግማሽ ቀኑን ለሦስቱ አደጋዎች፣ ግማሹን ቁጭ ብሎ ያለፈውን ወር ማዘዣዎች ለመቁጠር ያውሉት። በዚያ ቀን ማብቂያ የመጀመሪያው ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ባለቤቱም ትታወቅ፤ ይህ ሥራ የፋርማሲ ባለሙያዋ ይሁን፣ በየሳምንቱም የግማሽ ቀን ነፃ ጊዜ ይሰጣት። ቆጠራው ለ6 ወር በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየሩብ ዓመቱ ይቀጥል። አራተኛ አደጋ የሚጨመረው የመጀመሪያው ቁጥር ወርዶ ለሁለት ሩብ ዓመት ሳይመለስ ሲቆይ ነው፤ በእኔ ምርጫ እሱ በመውለድ እድሜ ላሉ ሴቶች እርግዝና ሳይጠየቅ የሚታዘዘው ኤናላፕሪልና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ቫልፕሮዬት ይሆናል።